የሕሉፍ ልጅ የፈታችው ፍሪሲዮን

መሳፍንት ቆቦ ሲመደብ ለሁለት ዓመት ብሎ ነበር የመጣው። ከደብረ ታቦር ለብሶት የመጣውን ካፖርት በመጀመሪያው ሳምንት አውልቆ ሰቀለው። ሁለቱ ዓመት ሠላሳ ሆነና ይኸው ጡረታም ወጣ። የራያ ሰው ግን ጡረታ የሚባለውን ነገር ከቁም ነገር አልቆጠረለትም። ላም ስትነፋም፣ ግመል ሲያነክስም የሚደወለው ለእሱ ነው። «ኧረ እኔ የእንስሳት ጤና ረዳት እንጂ ዶክተር አይደለሁም» እያለ አሥር ዓመት ያህል ለፈለፈ፤ ሰሚ ሲያጣ «ዶክተር!» ሲሉት «አቤት» ማለት ጀመረ።

ከመሥሪያ ቤቱ ሲለያይ ያተረፈው አንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል ነው። አዲስ ሆና የተረከባትም እሱ፣ አርጅታለች ተብላ በጨረታ ስትሸጥ የገዛትም እሱ። መለዋወጫዋ ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! እሱ ግን በእሷ ላይ ክፉ የሚናገር ሰው አይወድም።

ራያ ላይ ደግሞ ከብቱን ያዳነለትን ሰው ባዶ እጁን የሚሸኝ የለም። ገንዘብ ቢያጣ ማሽላ ይሰጣል፣ ማሽላው ካልደረሰ ዶሮ ያስይዛል። አልቀበልም ማለት አይታሰብም። ባልየው ይቀየማል፣ ሚስትየዋ ደግሞ ዓመት ሙሉ ስታወራብህ ትኖራለች። ከዋጃ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ የሚኖረው ሙሀመድሰይድም በሬው የዳነለት ጊዜ በቤቱ ያገኘውን ሰጠ፤ አንድ ጀሪካን ወፍራም ዘይት። ትራክተር ሊያሳርስ የመጣ ሰው ትቶለት የሄደው ነው።

«ዶክተር፣ ይቺ ሞተርህ ደርቃለች፤ አጠጣት እንጂ!» አለው።

አጠጣት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለአንዲት ፍየል እንኳ መድኃኒት ሳይለካ ሰጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ያንን ዘይት እንዲያው በግምት ገለበጠባት። ስጦታ ነዋ! ከስጦታ ክፉ ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል? በማግሥቱ ማርሹ አልገባ አለ፤ ሲገባም ግጭጭ እያለ ነው። መሳፍንት ተቀመጠና የፍሪሲዮኑን ሽቦ ወጠር አደረገው። ማርሹ ገባ። እሱም በራሱ ኮራ።

መካኒክ አላጣም። ሃያ ዓመት ያህል ሞተር ሳይክሏን ሲያክማት የኖረ ሕሉፍ የሚባል ወዳጅ ነበረው፤ ቤተሰቦቹ ከማይጨው የመጡ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ሰው። ምን ያደርጋል፣ ስኳር ዓይኑን ወሰደበትና ጋራዡን ልጁ ሄርሞን ያዘችው። ከዚያ በኋላ ደንበኛው አንድ በአንድ ሸሸ። መሳፍንትም ሸሽቷል፤ ልሸፋፍንለት አልፈልግም። በክፋት አይደለም፤ ሴት ልጅ ሞተር ስትፈታ ማየት አልዋጥ ብሎት ነው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲገናኙ ሕሉፍ በዓይኑ ሳይሆን በድምፁ ይለየውና «ሞተሯ እንዴት ናት?» ይለዋል። «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል ይሄ ውሸታም። ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖሩ።

አንድ ቀን በጠዋት ስልኩ ጮኸ። ሙሀመድሰይድ ነው፤ ድምፁ ተሰባብሯል።

«ዶክተር፣ ላሟ ከሌሊት ጀምራ ታምጣለች። የጥጃው ራስና አንድ እግሩ ብቻ ነው የወጣው። ያረቢ፣ ሌላ ላም የለኝም! ልጆቼ በእሷ ነው የሚያድሩት።»

«አይዞህ፣ መጣሁ። ማንም እንዳይጎትተው!» አለና ተነሣ።

ሌላ መጓጓዣ አይታሰብም። ያን ሰሞን ቤንዚን ጠፍቶ ሞተረኛው ሁሉ ሰልፍ ላይ ነው የሚውለው፤ ባጃጅ ደግሞ ከዋጃ ወዲያ ያለውን የደረቀ ወንዝ አሸዋ አይደፍረውም። የእሱ ሞተር ሳይክል ግን ቤንዚን አላት። አስነሣት፣ ማርሽ አስገባ፣ ከከተማው ጫፍ ሳይደርስ ሞተሩ ይጮህ ጀመር። ጩኸት ብቻ! ጋዝ በሰጣት ቁጥር ትጮኻለች፣ ጎማዋ ግን አይከተላትም። አህያ የጫነ ሰው ቀድሞት አለፈ። ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሸተተው፤ ቆመች።

መሳፍንት ላቡን ጠረገ። ወደፊት ዋጃ አለ፣ ወደኋላ የሕሉፍ ጋራዥ። ሞተሯን አዞረና እየገፋ ሄደ። እፍረቱ ከሞተሯ ይከብድ ነበር።

ሕሉፍ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። የጎማውን ኮቴ ሰማና «ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ መሳፍንት።»

«እንዴ! ደህና ናት ስትለኝ አልነበረም እንዴ?» አለና ሳቀ። «ጓለይ! ነይማ ልጄ፣ እንግዳ መጥቶልሻል።»

ሄርሞን እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወጣች። መሳፍንት የላሟን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገራት። እሷ የፍሪሲዮኑን እጀታ ያዝ ለቀቅ አደረገች፣ የዘይቱን ክዳን ፈታች፣ ጣቷን ነክራ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ሰጠዎት?»

«ስጦታ ነው» አለ መሳፍንት አንገቱን ደፍቶ።

«የትራክተር ካምቢዮ ዘይት ነው። የእርስዎ ፍሪሲዮን እኮ ዘይት ውስጥ ነው የሚኖረው። ይሄ ወፍራም ነገር ውስጡ ያሉትን ስስ ሸራዎች እርስ በርስ አጣበቃቸው፤ ማርሹ እምቢ ያለዎት ለዚያ ነው። ሽቦውንስ ማን ወጠረው?»

«እኔ።»

«እሱን ሲወጥሩት ደግሞ ሸራዎቹ መግጠም አቃታቸው። ሲንሸራተቱ ተቃጠሉ።» ቀና ብላ አየችው። «አልሞተችም፤ አይዞዎት። አንድ ሰዓት ይስጡኝ።»

የሞተሯን ጎን ከፈተችው። መሳፍንት ሴት ልጅ ሞተር ስትፈታ ላለማየት ዓመት ሙሉ የሸሸውን ነገር ቁጭ ብሎ አየ። ቡሎኖቹን በፈታችበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደረደረች። ቤንዚን እንደዚያ ውድ በሆነበት ሰሞን፣ ለራሷ በሃይላንድ ያስቀመጠቻትን አውጥታ ሸራዎቹን አንድ በአንድ አጠበች። የብረት ዲስኮቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች። «ሞላዎቹ ደክመዋል፤ አዲስ ደግሞ አይገኝም» አለችና ከእያንዳንዱ ሞላ ጋር አንድ አንድ ሮንዴላ፣ ያቺን ቀጭን የብረት ቀለበት፣ ጨመረች፤ ጠበቅ አድርጎ እንዲጫን። ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው አሮጌ ጓርኒሲዮን ሲቀደድባት ካርቶን ቆርጣ ሌላ ሠራች። ሕሉፍ ከተቀመጠበት ሆኖ የቁልፉን ድምፅ ብቻ ያዳምጣል። አንድም ጊዜ «እንዲህ አድርጊ» አላላትም።

ትክክለኛውን ዘይት ሞላች፣ ሽቦውን አላላች። «እጀታው ትንሽ መላወስ አለበት፤ እንደ ገመድ አይወጠርም» አለችው። አስነሣች። አንደኛ ማርሽ ቀጭ ብሎ ገባ፤ ሞተሯ በእርጋታ ተንቀሳቀሰች።

መሳፍንት መድኃኒት ሣጥኑን አሰረ፣ ግን አልወጣባትም። «ሄርሞን ልጄ፣ ዓመት ሙሉ ደጃፍሽን ስሸሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አለ።

«ኧረ ይሂዱ ጋሼ! ላሟ የእርስዎን ንስሐ አትጠብቅም» አለችና ሳቀች። «ደግሞ ስለ ዘይቱ ለሰውየው እንዳይነግሩት፤ ይከፋዋል። የቀረውን ለበር ማጠፊያ ያድርጉት።»

በወንዙ አሸዋ ላይ ሞተሯ አንዴም አልተንሸራተተችም። ሲደርስ ላሟ በጎኗ ተኝታለች፣ ዓይኗ ደክሟል። የሙሀመድሰይድ ሚስት ነሲባ ከራስጌዋ ተቀምጣ ግንባሯን ትደባብሳለች። መሳፍንት ክንዱን ታጠበና ጥጃውን በቀስታ ወደ ውስጥ መለሰው፣ የታጠፈውን እግር ፈልጎ አቃናው፣ ከዚያ ምጡ ሲመጣ ብቻ እየሳበ አወጣው። እንስት ናት። ለአፍታ አልተነፈሰችም። አፍንጫዋን ጠረገላት፣ በገለባ ኮረኮራት፤ አስነጠሰች።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ነሲባ፤ አለቀሰችም።

ላሟ ተነሥታ ጥጃዋን መላስ ስትጀምር ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። ሙሀመድሰይድ የመሳፍንትን እጅ ይዞ ሊመርቀው ሲል መሳፍንት ከለከለው።

«እኔን ተወኝ። ሞተሬ መንገድ ላይ ሞታብኝ ነበር፤ እዚህ ያደረሰችኝ የቆቦው የሕሉፍ ልጅ ናት። የምትመርቅ ከሆነ እሷን መርቅልኝ።»

«ሕሉፍ? ያ ዓይኑን ያጣው መካኒክ? በላ እስቲ ደውልልኝ!»

መሳፍንት ደወለና ሰዉ እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። ሄርሞን ያነሣችው «ላሟስ?» እያለች ነው። ሙሀመድሰይድ መልሱን ለምርቃቱ ተወው። ሰዉ ሁሉ መዳፉን ዘረጋ።

«ላሜም ጥጃዬም በሰላም ቆመዋል፤ የአንቺም ነገር ይቁም! እጅሽ አይድከም!»

«አሚን!» አለ ሰዉ።

«ደጃፍሽ ከሰው አይጉደል!»

«አሚን!»

«አባትሽ በአንቺ ዓይን ይይ!»

«አሚን!»

መሳፍንትም ያልታጠበ እጁን ዘርግቶ «አሜን» አለ። ከስልኩ ወዲያ ቀጥሎ የተሰማው የሄርሞን ድምፅ አልነበረም።

«ስልኩን እንዳትዘጊው፣ ጓለይ» አለ ሕሉፍ። «አንዴ ይድገሙልኝ በያቸው።»