የመኪናዋን ውሃ ያፈሰስኩ ዕለት

መኪናችን ከልጄ በአምስት ዓመት ትበልጣለች፤ ሊብሬዋ ላይ ተጽፏል። ባለቤቴ ሲገዛት ልጃችን ገና ድክ ድክ ትል ነበር፣ መኪናዋ ግን ያኔም ከስንት ሰው እጅ ዞራ የመጣች ናት። አጭር ናት፣ የቤት መኪና ታህላለች፤ ግን ከመሬት ከፍ ያለች ስለሆነች፣ አራቱም ጎማ ስለሚጎትት፣ አሸዋ አያስቀራትም። ነገሌ ውስጥ የማያውቃት የለም። «ይቺ ነገር አሁንም ጡረታ አልወጣችም?» ይሉን ነበር። እሱ መልሱ አንድ ነው፦ «መኪና አያረጅም፣ ባለቤቱ ነው የሚሰለቸው።»

እሱ አልሰለቸም። ከሞያሌም ይምጣ ከዶሎ ኦዶ፣ ልጁን ከመሳሙ በፊት የአየር ማጣሪያዋን አውጥቶ አቧራውን ያራግፋል። ስንቴ ተጣልተንበታል! ዘይቷን ቀኑ ሳይደርስ ይቀይራል። ራዲያተሯን ደግሞ የጉድጓድ ውሃ አያስነካትም፤ የቆላው ውሃ ጨው አለበት፣ ውስጧን ይበላዋል ይላል። ከቆርቆሮው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ለብቻ በበርሜል አጠራቅምለት ነበር። እኛ ጨዋማውን፣ መኪናዋ ጣፋጩን። ጠዋት ቁልፍ ከመዞሩ በፊት ውሃና ዘይት ይታያል፣ መንገድ ላይ ሱታ፣ ቀስ። ሕጉ ይኸው ነበር።

እሱ ታሞ ሲሞት ቁልፉን ያነሳችው ልጄ ናት። ወንድም የላት፣ እህት የላት። ልብስና ሳሙና ጭና ዶሎ ኦዶ ድረስ እየወረደች ትሸጣለች። ቤቱ የቆመው በዚያ ነው፣ አልክድም። ግን እሷ መንገድ ላይ በዋለች ቀን እህል በጉሮሮዬ አይወርድም። ስልኳ አልነሳ ሲል እቆማለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ የታጠበውን ዕቃ መልሼ አጥባለሁ።

አንድ ቀን ገበያ ላይ፣ በዚያው በዶሎ መንገድ የጭነት መኪና ተገልብጦ ሾፌሩ ሞተ ሲሉ ሰማሁ። ልጄ የምትወርደው በማግስቱ ነው። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

«ይህን ሳምንት ቅሪ።»

«እማዬ፣ ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ብለሻል።»

«መኪናዋ አርጅታለች እኮ።»

ሳቀች። «ካንቺ ትሻላለች። ጉልበቴን አትልም።»

ያኔ ነው ሰይጣን የገባብኝ። እሷ ዕቃ ልታመጣ ስትወጣ ሳፋ ይዤ መኪናዋ ሥር ተንበረከክሁ። መካኒኩ ራዲያተር ሲያጥብ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ከሥር በእጅ የምትዞር መፍሰሻ አለች። ፈታኋት፣ ውሃው ሳፋው ውስጥ ወረደ፣ መልሼ ዘጋሁ። እኔ ያደግሁት ከብት ውስጥ ነው። ውሃ ያጣች ላም ጅራቷን ቢጠመዝዟት አትነሳም፤ መኪናም እንደዚያ መስሎኝ። ጠዋት ውሃውን ብታይ ያፈሳል ትላለች፣ ሳታይ ቁልፉን ብታዞር እምቢ ትላታለች፤ ያም ሆነ ይህ መካኒክ ይጠራል፣ ቀኑ ይሄዳል፣ ቀረች ማለት ነው። ውሃውን መድፋት ግን አልሆነልኝም፣ የዝናብ ውሃ ነዋ። ሳፋውን አልጋ ሥር ከተትሁት።

ጠዋት ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ልጄ ዶሎ ላይ ደንበኛ ቀጥራ ስለነበር ቸኩላለች፤ የኮፈኑን ድምፅ አልሰማሁም። ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ በአንዴ ተነሳች፣ እንደ ሁልጊዜዋ።

ከጓዳ ሮጥሁ። ስወጣ አቧራው ብቻ ነው የቀረው። ደወልሁ፣ አታነሳም፤ ስትነዳ ስልክ አታነሳም፣ እሱም የአባቷ ሕግ ነው። የሳፋውን ውሃ በጀሪካን ገልብጬ አስፋልት ወጣሁና ባጃጅ አስቆምሁ። ሾፌሩ የሰፈራችን ሰው ነው።

«አካም፣ እናት? ናጋ?»

«ምን ናጋ፣ ምን ሰላም አለ! ልጄን ገድያታለሁ፣ ንዳ!»

ጀሪካኑን በጎን ዓይኑ እያየ ራቅ አለ። «ቤንዚን ነው?»

«ውሃ ነው!»

«በውሃ ነው እንዴ የገደሏት?»

«አዎ፣ በውሃ ነው፣ ንዳ!»

ዓይኔን ስጨፍን የማየው ያ ጥላ የሌለው ሜዳ ነው፤ መኪናዋ ጭሳ ቆማ፣ ልጄ ብቻዋን።

ከከተማው መውጫ ነዳጅ ማደያው ጋ ስንደርስ መኪናዋ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ልጄ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ነዳጅ ልትቀዳ ስትቆም ጠዋት ውሃ አለማየቷ ትዝ ብሏት ከፍታ ነው ጎድሎ ያገኘችው። የራሷ ጀሪካን እግሯ ሥር አለ፤ ግን የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስም፣ እስኪበርድ ትጠብቃለች። የኔን ጀሪካን አየች። ከዚያ ግራሶ የነካውን እጅጌዬን አየች።

«ውሃ እንደጎደላት ማን ነገረሽ?»

እጅጌዬን ወደ ኋላ ደበቅሁ። ባለባጃጁ ሆዬ ከኋላዬ፣ «ልጄን ገድያለሁ ሲሉ ነው የመጡት» ብሎ አሳበቀብኝ።

ልጄ አልሳቀችም። «ባልቆም ኖሮ ሞተሩ ይቃጠል ነበር» አለች። «ስንት ዓመት ያቆየነው ሞተር። እኔም በረሃ መሃል።»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔስ የማልፈራ መስሎሻል? ለዚህ እኮ ነው ጠዋት ጠዋት የማያት። አባዬም ለዚህ ነበር።»

ያን ሁሉ ዓመት፣ ልጁን ሳይስም አቧራ ሲያራግፍ፣ ፍራት ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሞተሩ ሲበርድ «ነይ፣ አንቺ ሙዪው» አለችኝ። የጀሪካኑን ውሃ በነጠላዬ ጫፍ እያጠለልሁ ራዲያተሩን ሞላሁ። ክዳኑን ዘጋችና ወደ ዶሎ ወረደች። ቅሪ አላልኋትም።

ከዚያ ወዲህ ውሃውን የማየው እኔ ነኝ። ወንበሯ ሦስቴ ለብሷል፣ ሞተሯ አንዴ ተፈትቶ ተገጥሟል፣ ቦሎዋን በየዓመቱ ታድሳለች። መካኒኩ «እንዲህ ከያዛችኋት እናንተን ትቀብራለች» ይለናል። ልጄ መንገድ ባላት ጠዋት ክዳኑን ከፍቼ ጣቴን እሰዳለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ጎድሎ ባገኘው እላለሁ፤ ቅሪ የምልበት ምክንያት አገኝ ነበር። ሞልቶ አገኘዋለሁ። አጥብቄ እዘጋና «ሂጂ፣ ሱታ» እላታለሁ። ከዚያ ስልኬን ይዤ፣ የታጠበውን ዕቃ መልሼ ወደማጠቡ።