«አምሰሒ» ያልኩበት ማክሰኞ

የጀማሪ ጥያቄ ያናድደኛል። ዛሬም ያናድደኛል፤ ያን ጊዜ ግን ምላሴ ጭራሽ ያልተገራ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ በከፈቱት ትንሽ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። እሳቸው የመኖሪያ ፈቃድ ፎቶ ያነሳሉ፤ እኔ የሴቶች ድግስ እየዞርኩ አነሳለሁ። እዚያ ሙሽራ ለሴቶች ብቻ የምትጨፍርበት ቀን አለ፤ ወንድ ካሜራ ይዞ ደጃፉ አይደርስም። እንጀራዬ ከዚያ ነበር የሚወጣው።

አርብ አርብ ያገሬ ልጆች ይመጡብኛል። ሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው፣ አብዛኞቹ ከወሎ፤ እረፍታቸው አርብ ነው። አንዷ ማዳሟ የጣለችውን ካሜራ፣ ሌላዋ ከሐጅ ዩሱፍ ገበያ የገዛችውን አሮጌ ይዛ ከተፍ ትላለች። «ኡስታዛ» ይሉኛል፣ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው፣ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በሹፈት። ከዚያ ጥያቄ ነው። ፊልሙ መቼ ነው የሚያልቀው? ሜጋው ሲበዛ ሰው ያቀላል ወይ? ዓይኔን ለምን እንዲህ አቀላው፣ አልቅሼ ነበር እንዴ? አንዷማ ካርዱን ነቅላ ወደ ብርሃን ይዛ አየችና «ታዲያ ፎቶው የታል?» ብላኛለች። መመለሱን እመልሳለሁ፤ ግን እያመናጨቅኩ ነው የምመልሰው። ለመማር የመጣን ሰው አንገት የሚያስደፋ አፍ ነበረኝ።

ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ «ፎቶዬ ለምን ጉም መሰለ?» ነበር። መልሱ አንድ ነው፤ ሌንሱ ላይ ጣት አርፎበታል። ቅባት በነካው እጃቸው ካሜራውን እንደ ብርጭቆ ነው የሚጨብጡት። «ሌንሱን ጥረጊ» ስላት አንዷ «በመጥረጊያ?» ብላ ስትጠይቀኝ ቆሽቴ አረረ። ያኔ ነው ሁሉም የሚያውቁትን ቃል ያመጣሁት። አምሰሒ። በዐረብኛ ወልውዪ ማለት ነው። ካርቱም የገባች ሠራተኛ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትማረው እሱን ነው፤ ማዳም ከተነሳች እስክትተኛ ጠረጴዛውን አምሰሒ፣ መስታወቱን አምሰሒ፣ ሁሉንም አምሰሒ ነው የምትለው። ሳቁ፣ ገባቸው። እኔም በብልሃቴ ኮራሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉም የጠየቀችኝን ሁሉ ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ «አምሰሒ» እያልኩ እሸኛት ነበር።

ከሁሉም አብዝታ የምትጠይቀኝ ጀሪፍ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ ነበረች። ረጋ ያለች ናት፤ ብቆጣትም አትቀየምም፣ እስክጨርስ ጠብቃ ጥያቄዋን ትደግመዋለች። ካሜራዋን የሰጠቻት የማዳሟ ልጅ ናት፤ ጽሑፉ ሁሉ ዐረብኛ ነው። አማርኛ ማንበብ አትችልም። የዐረብኛን ፊደል ግን ልጅ ሆና ቁርአን ስትቀራ ስለለየች፣ ትርጉሙ ባይገባትም ታነበዋለች። እና በጣቷ እየተከተለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ካሜራው ላይ ያለውን ቃል ሁሉ ታነብልኛለች። «ይኼስ ምንድን ነው ኡስታዛ? ይኼኛውስ?» «የማንሻውን ብቻ ተጫኚ፤ ሌላው ምን ያደርግልሻል» እላት ነበር። ሌላው ምን እንደሚያደርግ ብነግራት ኖሮ እያልኩ ስንቴ ራሴን እንደረገምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ አርብ ታናሽ እህቷን ይዛ መጣች። ትንሿ ካርቱም ከገባች ዓመት አልሞላትም። በመተማ በኩል በእግሯ ነው የገባችው፤ ወረቀት የላትም፣ አንድም ፎቶ የላትም። እናታቸው ከአገር ቤት «የትንሿን መልክ ላኩልኝ፣ ሳልረሳው» ብላ ሰው ልካባቸዋለች። ትንሿ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ካሜራ አየችና «ኡስታዛ፣ አንቺ አንዴ አንሺኝ፤ ያንቺ ያምራል» አለችኝ። ክዳኑን ማንሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። «እህትሽ ታንሳሽ፣ ትልመድ» አልኳት። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ሰልችቶኝ ነው። እነሱ ግን አልከፋቸውም። ወንዙ ዳር ወርደው፣ ያንኑ የኛኑ ዓባይ ከኋላ አድርገው፣ ፀሐይ እስክትበርድ ሲነሱ ዋሉ።

ማክሰኞ ከሰዓት ትልቋ ደወለችልኝ። ድግስ ላይ ነኝ፤ ሙሽራዋ ወጥታለች፣ ከበሮው ጆሮ ይበጥሳል።

«ኡስታዛ፣ የእህቴ ፎቶ ሁሉ ጉም መስሏል።»

«አምሰሒ ብዬሽ የለም እንዴ? ስንቴ ልንገርሽ?»

«ሁሉንም?»

«አዎ ሁሉንም፣ ያላ ቶሎ በይ» ብዬ ዘጋሁባት። የሌንሱን መስታወት ሁሉ ማለቷ መስሎኛል።

ጥቂት ቆይታ እንደገና ደወለች። «ኡስታዛ፣ አሁን ጠራ። አንድም የለበትም።»

«ጎበዝ» አልኳትና ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት።

ሐሙስ ጠዋት ትንሿ ከምትሠራበት ቤት ጠፋች። ወደ ሊቢያ ከሚሄዱት ጋር በጭነት መኪና ወጥታለች። ለእህቷ ያልነገረቻት እንዳታስቀራት ብላ ነው። ስልኳ ዝግ ነው። በማግስቱ ትልቋ ካሜራውን በሻርፗ ጠቅልላ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ፎቶ ቤት መጣች። ወደ ሊቢያ የሚያሻግሩትን ደላሎች ልትጠይቅ ነው፤ እነሱ ደግሞ ስም አይሰሙም፣ መንገድ የገባ ሰው ሁሉ ስሙን ይለውጣልና። «መልኳን አሳዪን፣ አይተናት እንደሆን እንነግርሻለን» ብለዋታል።

«የእህቴን አንድ አትሚልኝ» አለችኝ።

ካርዱን ከፈትኩት። ሳህን። የግቢ በር። ድመት። ገመድ ላይ የተሰጣ መጋረጃ። እንደገና ሳህን። ሦስት ቀን ሙሉ የተለማመደችው ነው፤ ካርዱ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እህቷ ግን የለችም።

«የጠረግሽው በምንድን ነው?» አልኳት።

«በራሱ በካሜራው ነዋ» ብላ ከፍታ አሳየችኝ። ጣቷ «መስሕ» የሚለው ላይ አረፈ፣ ከሥሩ ደግሞ «አል-ኩል»፣ ሁሉንም። ዐረብ መወልወልንም ማጥፋትንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። እኔ ይህንን አውቅ ነበር። እሷ ግን ቃሉን የምታውቀው ከማዳሟ አፍና ከእኔ አፍ ብቻ ነው። መወልወያው ካሜራው ውስጥ ያለ መስሏት፣ ሁሉንም ሲላት ሁሉንም ብላ ተጫነችው።

«ፎቶዎቹ እንደሌሉ አላየሽም?»

«ፎቶ የሚቀመጠው ካርዱ ውስጥ ነው ብለሽኝ የለ? ካርዱ ካለ አለች ብዬ ነው።»

የተሰረዘ ፎቶ ወዲያው አይጠፋም። ቦታው ነው የሚለቀቀው፤ ሌላ ፎቶ እስኪያርፍበት ድረስ እዚያው አለ፣ በፕሮግራም ይመለሳል። ይህን ያህሉን ያን ቀን ለእሷም ነግሬያታለሁ። ማክሰኞ ሁለተኛ ስትደውልልኝ «ምኑ ነው የጠራው?» ብላት፣ «በቃ፣ ሌላ አታንሺበት» ብላት፣ ትንሿ ከነሳቋ ትመለስ ነበር። እኔ ጎበዝ ብዬ ዘጋሁ።

ሽማግሌው ኮምፒውተሩን ለቀቁልኝ። ፕሮግራሙ እስከ ዐስር ሰዓት ሲፈልግ ዋለ፤ ልጅቷ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለችም፣ ውሃ ስሰጣትም አልጠጣችም። በመጨረሻ አንድ ፎቶ ብቻ ወጣ። ከላይ ሰማይ፣ ሻርፕ፣ ግንባር፣ ሁለት ዓይን። ከአፍንጫዋ በታች ግራጫ ነው፣ ምንም የለም። ዓይኖቿም ጉም ለብሰዋል፤ ሌንሱን እስከዚያች ሰዓት ማንም አልወለወለውም ነበር።

አተምኩላት። ይዛው ደላሎቹ ጋ ሄደች። «ይቺማ ማንም ልትሆን ትችላለች» ብለው መለሱላት። እናትየዋ ዘንድ ሊላክ አልቻለም፤ እንዲህ ተቆርጦ ያየች እናት ሌላ ነው የምታስበው።

ከዚያ በኋላም አርብ አርብ መምጣቷን አልተወችም። ካሜራ ግን አትይዝም። «ኡስታዛ፣ አዲስ ፕሮግራም አልወጣም?» ትለኛለች። ያቺ በጥያቄ የምበሽቅ ሴትዮ፣ ለእሷ አንድም ቀን ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። እስቲ እንሞክር እያልኩ ያንኑ ካርድ ያንኑ ኮምፒውተር ውስጥ እከትላታለሁ፤ ያችው ግማሽ ፊት ትወጣለች። «እኔ መሃይሟ ነኝ ያጠፋኋት» ስትል «አብሽሪ» እላታለሁ፣ እነሱ ሲጽናኑ የሚባባሉትን ቃል ተውሼ። ያጠፋት የእኔው «አምሰሒ» እንደነበር አልነገርኳትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔ አፋፍም አልበቃው፣ በረሃ ነው የገባው።

ጦርነቱ ሊጀምር ሳምንታት ሲቀሩት ለመጨረሻ ጊዜ መጣች። የዚያን ቀን ስለ ፕሮግራም አልጠየቀችኝም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቆጪኝ» አለች። «ያን ለት ሁለተኛ ስደውልልሽ፣ ጠራ ስልሽ፣ አንድ ነገር ብለሽኝ ነበር። ከበሮው አላሰማ አለኝ። ሌላ አታንሺበት ነው ያልሽኝ፣ አይደል? እኔ ነኝ ሳልሰማሽ የቀረሁት።»

ዓይኗን አየሁት። ያንን ከካርዱ ያወጣሁላትን የእህቷን ዓይን ይመስላል።

«አዎ» አልኳት፣ «ብዬሽ ነበር።»

«አውቄዋለሁ» አለችና ይዛው የመጣችውን ያንን ግማሽ ፎቶ በሻርፗ ጠቅልላ ወጣች።