መቀስ የነካቸው ነጌቲቮች

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬ ሞላብኝ። «የደበዘዙና የተበላሹ ፎቶዎች አሉ፤ በአንድ ጊዜ ላጥፋቸው?» ይላል። ልጄ ከትከሻዬ በላይ አየችና «እማ፣ እሺ በይውና ተገላገይ» አለችኝ። ጣቴን ሰነዘርኩ፤ ግን መልሼ ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ ቀርቦልኝ ነበር። ያን ጊዜ ሳላስብ እሺ ብያለሁ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ልደታ፣ አብነት አካባቢ፣ ከቤታችን ሁለት በር አልፎ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ፎቶ አንሺ ነበሩ። የሰፈሩን ክርስትና፣ ሠርግና ምርቃት ያነሱት እሳቸው ናቸው። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለና በየበሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈ። ጋሽ ታደሰ ልጃቸው ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ሊጠጉ ነው፤ በብስኩት ቆርቆሮ የታጨቀውን የስንት ዘመን ነጌቲቭ የት ያድርጉት? እኔ ኮምፒውተር ተምሬ ሥራ የፈታሁ ነበርኩና ሁሉንም በስካነር አንስቼ ኮምፒውተር ውስጥ ላስገባላቸው ተስማማን። ከዚያ ቆርቆሮውንም ፊልሙንም ለቆራሌው መስጠት ነው።

ነሐሴ ነበር፤ ቅያሱ ጭቃ በጭቃ። ጠዋት ጠዋት ጥግ ላይ ከምትጠብሰው ሴትዮ ትኩስ ፓስቲ በጋዜጣ አስጠቅልዬ እገባለሁ። ጋሽ ታደሰ ድርሻቸውን ከበሉ በኋላ፣ ዘይት ፊልም እንዳይነካ ብለው እጄን በሳሙና ሁለቴ ያስታጥቡኛል። የዶዘሩ ድምፅ መጀመሪያ ሰሞን ከሩቅ፣ ከተክለ ሃይማኖት በኩል ነበር የሚሰማው። በሳምንቱ የመደርደሪያው ብርጭቆዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

ነጌቲቮቹ አንድ በአንድ የተቆረጡ ነበሩ። ደርድሬ ስሰጠው ስካነሩ እየሳበ ያነሳል፤ ኮምፒውተሩም ጥቁሩን ወደ ነጭ ገልብጦ፣ ቁጥር ሰጥቶ ያስቀምጣል። አንዳንዱ ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ፊልሙን አውጥቼ ሳየው ጠርዙ ላይ ትንሽ ጎደል ያለ ቦታ አለ። አይጥ የቀመሰው መሰለኝ። እሱን በእጄ አስተካክዬ አስነሳና እንደገና እጀምራለሁ፤ ጥቂት ሳይቆይ ደግሞ ይቆማል።

ስማረር ሲሰሙኝ ጋሽ ታደሰ «ትዕግስት፣ ስምሽና አንቺ መቼ ይሆን የምትተዋወቁት?» ይሉኝ ነበር።

አንድ ሰኞ እስከ ቅዳሜ እንድንለቅ ተነገረን። ያን ቀን ፕሮግራሙን ስጎረጉር «ችግር ያለበትን ዝለልና ቀጥል» የሚል ምርጫ አገኘሁ። ምልክት አደረግሁበት። ከዚያ ወዲያ ቀይ መብራቱ አልበራም። ወር ይፈጃል ያልነው ሥራ በሦስት ቀን ተጠናቀቀ። ኩራቴን አልደብቅም፤ ራሴን ሊቅ አድርጌ ነበር የማየው።

«ምነው ይሄ ነገር ዝም አለ?» አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

«ሥራውን ለምዶ ነው።»

«እኔ ጭራሽ የማያጉረመርም ሠራተኛ አላምንም» አሉና ሳቁ። ያን ጊዜ ያደረግሁትን ብነግራቸው ኖሮ! ግን አልነገርኳቸውም። ሐሙስ ዕለት ቆራሌው ሁሉንም ጭኖ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ጎረቤታችን እማማ አስካለ መጡ። አንድ ልጃቸው ዳዊት በመኪና አደጋ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉትን ፎቶ በዚያ ክረምት ጣራው አፍስሶ ፊቱን አጥፍቶታል።

«ጋሽ ታደሰ፣ የዳዊቴን ፎቶ እንደገና ያውጡልኝ። አዲሱ ቤት ባዶ ግድግዳ ይዤ አልገባም።»

«ምን ችግር አለ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው። ትዕግስት፣ አውጪላቸው።»

ፈለግሁ። በአንድ ቀን የተነሡት የክፍል ጓደኞቹ በተርታ አሉ፤ እሱ የለም። ደግሜ ፈለግሁ። ጋሽ ታደሰ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና በዝግታ «እስቲ የኔን ባለቤት አውጪ» አሉኝ። የሉም። የቀድሞው የዕድራችን ዳኛም የሉም። አሁን በሕይወት ያለው የሰፈር ሰው ግን እየሳቀ ያልፋል።

«ጠርዙ የተነካውን ምን አደረግሽው?»

«አይጥ የበላው... ማሽኑ እንዲዘለው አድርጌ...»

ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን ጨፍነው ነገሩኝ። ሰው ሲሞት ቤተ ዘመድ ለለቅሶ የሚይዘውን ፎቶ ለማስጎላት ወደሳቸው ነበር የሚሮጠው። ለአርባውና ለሙት ዓመቱ ዘመዶቹ ደግመው እንደሚመጡ ስለሚያውቁ፣ በጨለማው ክፍል በጣታቸው ዳስሰው እንዲያገኙት ጠርዙን በመቀስ ነካ ያደርጉት ነበር። ከሰኞ ወዲህ በስካነሩ ያለፉትን የሰፈሩን ሙታን አንድም ሳይቀር ዘልያቸዋለሁ።

በዝናብ እየሮጥኩ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ድረስ ሄጄ ቆራሌውን አገኘሁት። ቆርቆሮዎቹን አጥቦ ደርድሯቸዋል። «ፊልሙን? ማን ይገዛዋል? ወንዝ ውስጥ ደፋሁት» አለኝ። ወንዙን ሄጄ አየሁት። ሞልቶ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ነበር።

ስመለስ እማማ አስካለ የነበሩበት ቦታ ተቀምጠዋል። ፊቴን አዩ። ስክሪኑን በአገጫቸው እያመለከቱ «የሌሎቹ ልጆች ግን አሉ?» አሉ ብቻ።

«አሉ፣ እማማ።»

ተነሥተው ወጡ። ምነው በረገሙኝ!

በሁለተኛው ዓመት አባቴ ሞተ። ለለቅሶው ፎቶ ሲፈለግ እኔ ጋ የቀረውን ያን ኮምፒውተር ከፈትኩ። አባቴ አለ፤ ክራቫት አስሮ፣ ፊቱ ጥርት ብሎ። በዚያ ነሐሴ በሕይወት ስለነበረ መቀስ አልነካውም። እማማ አስካለ ሁለት ታክሲ ይዘው ከኮንዶሚኒየማቸው ለቅሶ መጡ። ከፎቶው ፊት ለፊት ብዙ ቆዩ። ሲወጡ እጄን ያዙና፣ ያለ ምንም ቂም፣ «ታድለሽ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ የከበደ ቃል እስከ ዛሬ ማንም ተናግሮኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓቱን ስልኬን ይዤ የደበዘዙትን አንድ በአንድ ሳይ ዋልኩ። ልጄ ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ «አሁንም አልጨረስሽም?» አለችኝ። አልጨረስኩም። አንዱንም አላጠፋሁም።