አንድ በሽተኛ ለሦስት ተማሪ

የፋርማሲ ተማሪዋን ጓደኞቿ «ቆጣቢት» ይሏታል፤ የምትቆጥበው ገንዘብ ሳይሆን ቃል ነው። ልብስ ሰፊው አባቷ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለ ነው ያሳደጋት። እሷም ምክሩን ከልኩ በላይ ተቀበለችው።

ለገጠር ልምምድ ጤና ጣቢያ ስትመደብ የደረሷት አንዲት ወሬኛ የነርስ ተማሪና ገና ሳይመረቅ «ዶክተር» የሚባል የሕክምና ተማሪ ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ያድራሉ፤ ዶክተሩ ጎናቸው ካለው ክፍል ሆኖ ነርሷ በሳቀች ቁጥር ግድግዳውን ይደበድባል። መምህራቸው ሲሸኛቸው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ መክሮ፣ ወዲያው ለየሙያቸው የተለያየ የውጤት መስፈርት አደላቸው። እንግዲህ ማን ከማን ጋር ይተባበር? በየክፍላቸው ይውላሉ፤ እራት ላይ ሲገናኙም የሚከራከሩት ሩዙን ማን አሳረረው በሚል ነው።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ አናጺ ስኳር በሽታቸው ብሶባቸው መጡ። ዶክተሩ ከሐኪሙ ጋር ሆኖ መርምሮ ኢንሱሊን እንዲታዘዝላቸው አደረገ። ነርሷ መድኃኒቱን በመርፌ ስበው ራሳቸውን እንዴት እንደሚወጉ አሳየቻቸው። ቆጣቢት ደግሞ መድኃኒቱን በፋርማሲው መስኮት አቀብላቸው ቀዝቃዛ ቦታ እንዲያስቀምጡት ነገረቻቸው። ለሁሉም «እሺ ልጄ» አሉ።

በሳምንቱ ልጃቸው በጋሪ ጭኖ አመጣቸው፤ ላብ አጥምቋቸው፣ አፋቸው ተሳስሮ። ስኳራቸው ከልክ በላይ ወርዶ ነበር። ግሉኮስ ተሰጥቷቸው ነፍስ ሲዘሩ፣ ተማሪዎቹ ኮሪደሩ ላይ ጥፋቱን መላከክ ጀመሩ። ነርሷ መጠኑ በዝቷል አለች፤ ዶክተሩ መጠኑ ልክ ነው፣ አንቺ በትክክል አላለማመድሻቸውም አላት። ብዙ ተጨቃጭቀው፣ መጠኑ ትንሽ ተቀንሶ ነገ ወደ ቤታቸው ይሂዱ ብለው ለሐኪሙ ሊነግሩ ተስማሙ።

ቆጣቢት ግን መድኃኒቱን ባቀበለቻቸው ዕለት ሽማግሌው ካርቶኑን ዘቅዝቀው ይዘው «ሲያነቡ» አይታለች። ዓይናቸውን ዶክተሩ አይቶት ይሆናል፣ እኔ ምን አገባኝ ብላ ዝም አለች። አሁንም ዝም ካለች ሰውየው መርፌው ላይ ያለውን የመጠን መስመር ሳያዩ በግምት ስበው ይወጋሉ፤ ሁለተኛ ጊዜ ጋሪው ላይደርስላቸው ይችላል። ከተናገረች ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ እሷ ላይ ሊወድቅ ነው።

«መርፌውን አያዩትም» አለች። «ካርቶኑን ዘቅዝቀው ሲያነቡ አይቼ ዝም ብያለሁ።»

ዶክተሩ የሽማግሌውን ካርድ ገልጦ አሳያቸው። የዓይናቸውን መደብዘዝ እሱም አይቶ፣ ዓይን ሐኪም ይያቸው ብሎ ካርዳቸው ላይ ጽፎ ለማንም አልተናገረም። ነርሷም ወለል ወለሉን እያየች፣ ልምምዱ ላይ ሲደናበሩባት ራሷ ስባ እንደሰጠቻቸው አመነች። እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን ጥቂት ይዘው፣ ሙሉውን ሌላው ያውቃል ብለው ነበር የተቀመጡት። ያሳዝናል፤ ሦስቱም ሰነፎች አልነበሩም።

አብረው ወደ አልጋቸው ሄዱ። ሽማግሌው ኮቴያቸውን ሰምተው ቀና አሉ።

«ሦስታችሁም? ልሞት ነው እንዴ?»

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። ቆጣቢት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጣቶቿን ፊታቸው ዘረጋች።

«አባባ፣ ስንት ነው?»

«ስንት እንዲሆንልሽ ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ?»

አሁን የሳቀ የለም። ቆጣቢት ጣቶቿን አጥፋ ሻካራ እጃቸውን ያዘችና በዕድሜዋ ረጅሙን ንግግር ተናገረች። ነርሷ የየቀኑን መጠን አስቀድማ በየመርፌው ስባ እንደምታዘጋጅላቸው፣ እሷ የመርፌዎቹን አቀማመጥ ለቤተሰቡ እንደምታሳይ፣ ዶክተሩ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ እንደሚያሲዝላቸው አስረዳቻቸው።

«እኛን ደስ ለማሰኘት አይድከሙ» አለቻቸው። «የሚያዩትን ብቻ ይንገሩን።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«ጭጋግ ነው የማየው» አሉ። «ውጭ ለቆመው ልጄ እንኳ አልነገርኩትም። መጋዙን ይቀማኛል ብዬ።»