የሳፋው ክራር

አባቴ አቃቂ ውስጥ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር፤ በንጉሡ ዘመን፣ ማሽን እንደ ታቦት በሚከበርበት ጊዜ። የሽመና ማሽኖቹ ጩኸት ጆሯቸውን ቀስ በቀስ በላው። ለራሳቸው ስለማይሰማቸው ሲናገሩ ይጮሃሉ፤ እቤት ሆነው «ውሃ ስጡኝ» ሲሉ ደብረ ዘይት ያለ ሰው ብርጭቆ ያነሳ ነበር ብል ያጋነንኩት በጥቂቱ ነው። በመጨረሻ የአለቃውን ፊሽካ መስማት ሲያቅታቸው ከሥራ አሰናበቷቸው።

ይህንንም ስቀው አሳለፉት። ያልቻሉት ማታ ማታ የሚደረድሩትን የክራራቸውን ዝምታ ነው። አንድ ቀን ደረደሩ፣ ደረደሩ፣ ከዚያ ክራሩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «ይሄ ሞቷል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ምግብም ወሬም ተዉ። እኔና እናቴ በእውነት የፈራነው ያ ጩኸታቸው ከቤት ሲጠፋ ነው።

እኔ ያኔ የዚያው ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ክፍል ረዳት ነበርኩ። ሥራዬ አምፖል መቀየር ቢሆንም፣ መብረቅን ያስተማርኩት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ለአባቴ በሬዲዮ የሚጮህ ክራር እሠራለሁ ብዬ ተነሳሁ። የእናቴን ቀዳዳ ሳፋ በሻይ ሣጥን ጣውላ ከደንኩት፤ ክንዶቹ የመጥረጊያ እንጨት ሆኑ። ባቡር ጣቢያው ከጣለው ስልክ ማዳመጫውን ፈትቼ፣ ማግኔቱን ከነጥቅልል ሽቦው አውታሮቹ ሥር አሰርኩ። አውታሮቹን ግን ከአባቴ ክራር ላይ ፈታሁ፤ ከበግ አንጀት የተፈተሉ ናቸው፣ እሳቸው ሌላ አውታር አይነኩም ብዬ ነው። ደርቀው ኖሮ ሁለቱ እጄ ላይ ተበጠሱ። የድሮው ክራር እንግዲህ ራቁቱን ቀረ፤ መመለሻ የለኝም።

መብራትም ሬዲዮም ያላቸው ከጉራጌ አገር የመጡት ባለሱቅ ጎረቤታችን ነበሩ። እሑድ ከሰዓት አባቴን ይዤ ሱቃቸው ገባሁ።

«ይሄ ሬዲዮ ከተቃጠለ» አሉኝ ባለሱቁ ሽቦዬን ሲያዩ፣ «አንተን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ዜና አስነግርሃለሁ!»

«ዘፈንም እጨምራለሁ፣ ጋሼ።»

ሽቦውን ከሬዲዮው ጀርባ፣ ግራሞፎን የሚሰካበት ቀዳዳ ውስጥ ሰክቼ ደረደርኩ። ጭጭ። እንደገና ደረደርኩ። ጭጭ።

«ምን ጠበቅክ?» አሉ ባለሱቁ። «በጉ ተነስቶ እንዲጮህልህ ነው?»

ያኔ ገባኝ። ማግኔት ብረት እንጂ አንጀት አይሰማም። አባቴ አፌ አፌን እያዩ ይጠብቃሉ። ወደ ብስክሌት አዳሹ በረርኩ፤ የወላለቀ የፍሬን ሽቦ ለምኜ፣ ጣቶቼ እስኪደሙ ተረተርኩት።

«ሽቦ ለአጥር ነው!» ብለው ጮኹ አባቴ፣ ተመልሼ አዲሱ ክራር ላይ ስወጥረው ሲያዩ። ከሳምንታት በኋላ መጮኻቸው ስለሆነ ደስ አለኝ።

ሬዲዮውን እስከ ጥግ ከፈትኩት። ከባድ ጉርምርምታ ሱቁን ሞላው፤ የሰርዲን ቆርቆሮዎቹ መደርደሪያው ላይ እስክስታ ወረዱ። አባቴ ቀና አሉ።

«ማሽኑን ማን አስነሳው?»

ሰምተዋል! ክራሩን ጭናቸው ላይ አኖርኩት። ደረደሩ። ያ ሁሉ ጉርምርምታ ሽቦዬ ከመብራቱ መስመር የለቀመው ነው፤ በላዩ ግን ክራሩ ጥርት ብሎ ይዘፍናል። ባለሱቁ ቀልዳቸውን ረስተው ባንኮኒው ላይ ተደገፉ። እኔ ማልቀስ ቃጣኝ።

አባቴ ግን እጃቸውን አቆሙ። ጣቶቻቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«የታለ?»

«ይኸው እኮ አባባ፣ እየተጫወቱ ነው!» ብዬ ጆሯቸው ሥር ጮህኩ።

«የሚሰማኝ ፋብሪካው ነው።»

ጆሯቸው የሚሰማው ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ነው፤ ቀጭኑን ድሮ ትቶታል። ሬዲዮውን ለማጥፋት እጄን ሰደድኩ፤ ክንዴን ያዙኝ።

«ተወው» አሉ፣ ጆሯቸው ከተበላ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብለው። «ከዝምታው ይሻላል።»

አንዲት ሴት ደጅ ላይ ቆማ ጋዝ ጠየቀች። ባለሱቁ ዘወር ሳይሉ «ዛሬ ዝግ ነው» አሏት፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ። አባቴ እጃቸውን ክራሩ ላይ ጥለው፣ የመብራቱን ጉርምርምታ እያዳመጡ ተቀመጡ።