አማቴ በጥጥ የነኩት ፊቴ

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። ጌታ በወጣትነቴ ያደረገልኝን ሳልናገር እንዳልሞት ብዬ ነው። ፊደል ስለማልቆጥር የልጅ ልጄ ጽፋልኛለች፤ እዚህ ጉባኤ ፊት የምታነብላችሁም እሷ ናት፤ ምንም እንዳትጨምሪ ብያታለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሸዋ ሮቢት ተድሬ መጥቼ ከአማቴ ጋር ነበር የምኖረው። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። እኔ መንገድ ዳር ካለ ሆቴል ወጥ እሠራ ነበር። ቆዳዬ ቀይና ስስ ነው፤ ሙቀት አይችልም። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ጉንጬና አፍንጫዬ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ቀያይ የደም ሥሮች ወጡብኝ። እሳት ፊት ስቆም ያቃጥለኛል።

አማቴ "ምች ነው የመታሽ" አሉና ፌጦ ወቅጠው፣ በሎሚ ለውሰው ለጠፉብኝ። ተንገበገብኩ። "ቻይው፣ በሽታው ሲወጣ ነው" አሉኝ። ሳምንት ሙሉ ለጠፉብኝ። ፊቴ ተላጠ፣ ቆሰለ፣ ቅርፊት ያዘ። ያን ጊዜ አዩኝና ደነገጡ።

"ይሄማ ምች አይደለም፤ ቁምጥና ነው" አሉ።

ልጄን ከጡቴ ነጥለው ወሰዱት። የፍየል ወተት በማንኪያ ይሰጡታል፣ እሱ ያለቅሳል፣ የኔ ጡት ይፈሳል። "ልጄ ከመንገድ ሲመለስ አንቺ ካራቆሬ እናትሽ ቤት ትሄጃለሽ። ሕፃኑ እዚሁ ይቀራል" አሉኝ። ሆቴሉም አስወጣኝ።

ጎረቤታችን እትዬ የሺ የጌታ ነበረች፤ ሰው "ጴንጤዋ" ነው የሚላት። ልትጠይቀኝ መጣችና አማቴ እያዩ ጉንጬን ግራ ቀኝ ሳመችኝ። ወገኖቼ፣ ሰው ሁሉ በሩቁ ነበር ሰላም ብሎኝ የሚያልፈው። አለቀስኩ። "እትዬ፣ ጌታሽ ይሄን ክር ከፊቴ ያጥፋልኝ፤ ጸልዪልኝ" አልኳት። እጇን ጭና ጸለየች። ከዚያ "ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ" አለችኝ።

"ጸለይሽ አይደል እንዴ?"

"ጸለይኩ። አሁን ደግሞ እንሂድ።"

አማቴም ሕፃኑን አዝለው፣ "ድሬሰሩ ቁምጥና ነው ሲላት በጆሮዬ ልስማ" ብለው ተከተሉን።

ድሬሰሩ፣ የጤና ጣቢያው አካሚ፣ ገና ሲያየኝ "ፌጦ ማን ለጠፈብሽ?" አለ። አማቴ ወደ በሩ አዩ። ዓይኔን አስጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ፊቴን ነካ ነካ አደረገኝ፤ ሲነካኝ "እዚህ" እላለሁ። "ቁምጥና ቢሆን አይሰማትም ነበር" አለ።

"አጮልቃ እያየች ነው" አሉ አማቴ።

ሳቀና "እንግዲያው እማማ፣ እርስዎ ይንኳት" ብሎ ጥጡን ሰጣቸው። በነጠላቸው ዓይኔን ጥፍር አድርገው አሰሩና ነኩኝ። ጉንጬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን። "እዚህ። እዚህ። እዚህም።" ስንት ጊዜ እንደነኩኝ አላውቅም። ነጠላውን ፈቱልኝ፣ ሕፃኑን ከጀርባቸው አወረዱና "እንኪ፣ አጥቢው" አሉኝ። እዚያው አግዳሚው ላይ አጠባሁት። ስሙ ይባረክ።

ድሬሰሩ እንዲህ አለኝ፦ "ክሮቹ የደም ሥር ናቸው፤ የሚያጠፋቸው መድኃኒት እኔ ጋ የለም። ያቆሰለሽ ፌጦው ነው። አታሺው፣ ምንም አትለጥፊበት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ፣ ቫዝሊን ተቀቢ፣ ከእሳትና ከፀሐይ ራቂ።" እንዳለኝ አደረግኩ፤ ቁስሉ ደረቀ።

በዚያው ሰሞን እትዬ የሺ ቤት ጌታን ተቀበልኩ። አማቴም "ከቁምጥና ተረፈች ስል ጴንጤ ሆነችብኝ" ብለው ለሰፈሩ አወሩ።

ወገኖቼ፣ ክሮቹ ዛሬም አሉ፤ ቀርባችሁ እዩ። ጠፉልኝ ብዬ በጌታ ፊት አልዋሽም። እኔ የለመንኩት ክሩ እንዲጠፋ ነበር፤ እሱ ልጄን መለሰልኝ። አመሰግነዋለሁ። ከናንተም መሐል ሰው እንዳያየው ተሸፋፍኖ ከኋላ የተቀመጠ ካለ፣ ጌታን ይመነው። ወደኔ ይምጣ፣ አብረን እንጸልያለን። ነገ ጠዋት ደግሞ፣ ጉልበቴን ቢያመኝም፣ ቀስ እያልኩ ሐኪም ቤት አብሬው እሄዳለሁ።