ሙሉነሽ ፀጥታ የተለቀሰላት ለታ

ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ሰፈር ውስጥ ሙሉነሽን በስሟ ብቻ የሚጠራት ሐበሻ የለም። ሙሉነሽ ፀጥታ ነው የምትባለው። ስሙን ያወጡላት ጋሽ ዳኛቸው ናቸው፣ የእድሩ ሊቀመንበር፣ እኚያ ሲያስነጥሱ እንኳን አጀንዳ አስይዘው የሚያስነጥሱት።

አዲስ አበባ የአንድ ቀበሌ ልጆች ነበሩ። ሙሉነሽ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆና፣ በአብዮት በዓል፣ የቀበሌው ኪነት መድረክ ላይ ወጣች፣ ማይኩን ጨበጠች፣ አፏን ከፈተች፣ በቃ። ምላሷ ደረቀ። ሰው ሁሉ አፍጥጦ ሲጠብቅ ጋሽ ዳኛቸው ከከበሮው ኋላ ሆነው «ጓዶች፣ ፀጥታ ይከበር፣ ልጅቷ ዝም እያለች ነው» አሉ። ቀበሌው ተንከተከተ። እሷ ቪዛ ስትለምን ስሙ ያለ ቪዛ ቀድሟት ለንደን ገባ።

ዝም ያለች እንዳትመስላችሁ ግን። ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ቆማለች፣ ፀጉሯን በመረብ ሸፍና፣ እንቁላል በዳቦ ላይ እየለጠፈች። ማሽኑ እንደዚያ ሲያጓራ እሷም ታንጎራጉራለች። የራሷን ግጥም እየገጠመች፣ ስለ ሱፐርቫይዘሩ ቦርጭ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ሞተው ባሏ። ያንን ድምፅ የሚያውቀው ማሽኑ ብቻ ነው። ማሽን ደግሞ ወሬ አያወጣም።

በመስከረም መጨረሻ ላይ የሰፈሩ አዳራሽ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሃሎዊን፣ የፈረንጆቹ የመናፍስት በዓል፣ ቫራይቲ ሾው፣ የሰፈሩ ሰው ያለውን ጥበብ ይዞ ይምጣ፣ የሚያስፈራ ብቻ ይሁን። ሙሉነሽ ሦስት ቀን በማስታወቂያው ፊት አለፈች። በአራተኛው ገብታ ሳይን አፕ አደረገች። ለማንም አልተነፈሰችም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገችው፤ የጀመረችውን አንድ ጊዜ፣ ሰው ፊት፣ መጨረስ።

አዳራሹን የምትመራው ጃኔት የምትባል ቀጭን እንግሊዛዊት ናት፣ ዳርሊንግ ሳትል ኮማ የማታደርግ። ሙሉነሽ የሞተች ሴት መንፈስ ሆና እንጉርጉሮ እንደምታወጣ ስትነግራት፣ ዳርሊንግ ድንቅ ነው፣ በቋንቋሽ አድርጊው፣ ፍርሃት አስተርጓሚ አይፈልግም አለቻት። ከዚያ የፈረንጅ መንፈስ የሚለብሰውን፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው አንሶላ አወጣችላት። ሙሉነሽ አንሶላውን አጥፋ መለሰችው። ሐበሻ ሞቶ በአንሶላ አይመጣም።

በቀኑ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፣ ፊቷን ዱቄት ቀባች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ ላይ አንገቷ ጋ አደረገች። የሞተች ሴት ለራሷ ካላዘነች ማን ያዝንላታል ብላ ነው። ጃኔት ደግሞ ጉሮሮሽን አሳርፊ፣ እስከ መድረክ ድረስ ቃል እንዳታወጪ ብላታለች። እንዲህ ሆና ወጣች።

ሾፒንግ ሴንተሩ በር ላይ ኣድሓነት አገኘቻት። ኣድሓነት የአስመራ ልጅ ናት፣ የሙሉነሽ የሃያ ዓመት ጓደኛ፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አይታ የምታለቅስ ሴት። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች፣ የነጣውን ፊት አየች፣ ከረጢቷን ጣለች። አቅፋት አነባች። ሙሉነሽ ጉሮሮዋን በጣቷ አሳየቻትና እጇን አወናጭፋ ሄደች። ደግሞ የምን ፊልም አይታ ይሆን ብላ እንኳን ብዙ አላሰበችም፣ ግጥሟን በሆዷ እየቆጠረች ነበር።

ኣድሓነት ስልኳን አውጥታ ጋሽ ዳኛቸው ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሙሉነሽ ሐዘን ደርሶባታል። ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ ድምጿ እንኳን ተዘግቷል።»

ሐበሻ ለሠርግ ሁለት ሰዓት ያረፍዳል፤ ለለቅሶ ግን ባቡርም አይቀድመው። ባንድ ሰዓት ውስጥ አስራ አራት ሰው ጥቁር ለብሶ ሙሉነሽ በር ላይ ቆመ፣ ኣድሓነት ድስት ሙሉ ምስር ይዛ። ጎረቤቷ አንገቱን አውጥቶ፣ እሷማ አዳራሹ ነው ያለችው፣ ሰዉም እዚያው ነው፣ ሁሉም ጥቁር ለብሷል አላቸው። ጋሽ ዳኛቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈረንጁ ሳይቀር ድንኳን ተቀምጦላታል ማለት ነው።

አዳራሹ መጋረጃው ተዘግቶ ጨልሟል። አንድ አስማተኛ ርግቡን ጣሪያ ላይ አስቀርቶ ወርዷል፣ አጽም የለበሱ ልጆች ጨፍረዋል። አሁን ሙሉነሽ መድረኩ ላይ ብቻዋን ቆማለች። ድምጿ እንደ ክር ቀጥኖ ወጣ።

«ከፍቼ ብገባ በገዛ ቁልፌ፣
ማንም አልሰማኝም ቢጮህም አፌ።»

በዚህ መሃል የኋላው በር ተከፈተና ጋሽ ዳኛቸው ከነባርኔጣቸው፣ ለቀስተኞቹን አስከትለው ገቡ።

አየቻቸው። ምላሷ ደረቀ። ያ ቀበሌ፣ ያ ማይክ፣ ያ ሳቅ፣ ሁሉም ከእሳቸው ጋር አብሮ ገባ። ቀጣዩ ስንኝ ከራሷ ላይ እንደዚያች ርግብ በረረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትንፋሽ ሄደ። ጃኔት ከመጋረጃ ኋላ ጥፍሯን በላች።

ጋሽ ዳኛቸው ግን የሰሙት ሌላ ነው። ግጥሙ አንጀታቸውን ቆርጦታል፣ ዝምታዋንም ሲቃ ነው ያሉት። ማንን ብለው ያልቅሱ፣ የሞተውን አያውቁ። በሰው ለቅሶ ሁሉም የሚያለቅሰው የራሱን ነውና ባርኔጣቸውን አውልቀው «እናቴን» አሉ። «ሳልቀብርሽ የቀረሁት እናቴን።» ኣድሓነት ድስቷን አስቀምጣ ደረቷን መታች፣ አስራ ሦስቱ ተከተሏት፣ ድም ድም፣ እኩል። ፈረንጆቹ የትርዒቱ አካል መስሏቸው እነሱም ደረታቸውን መምታት ያዙ፣ ድም ድም።

ሙሉነሽ በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ማሽን ሰምታ አታውቅም። አፏ ተከፈተ።

«ጎረቤቶቼ ሆይ፣ ምነው ዝም አላችሁ፣
አልሞትኩም እያልኩኝ በር ላይ ቆሜላችሁ።»

ከዚያ ማን ያቁማት። የሃያ ዓመት ግጥም ዘረገፈችው፣ ባሏን፣ ጉልበቷን፣ የሱፐርቫይዘሩን ቦርጭ ሳይቀር፣ ሐበሻው እያለቀሰ እስኪስቅ ድረስ። የመጨረሻውን ስንኝ የመጨረሻው ቦታ ላይ አስቀምጣ፣ እጅ ነስታ ቆመች። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

ለቀስተኞቹ ግራ ገባቸው። ለሐዘን ማን ያጨበጭባል። ጋሽ ዳኛቸው ምርኩዛቸውን ይዘው መድረኩ ጥግ ደረሱ።

«ልጄ፣ ለመሆኑ ማን ነው ያረፈው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

የእድር ሰው ናቸውና «መቼ?» አሉ።

«ቅድም፣ እርስዎ ሲገቡ። ተመልሼ መጣሁ።»

ኣድሓነት ነገሩ ሲገባት ድስቷን ታቅፋ እንባዬን መልሺልኝ አለች። ሦስት ደቂቃ አኮረፈች፣ በአራተኛው አቀፈቻት። ምስሩ ግን ሳይበላ አልተመለሰም፣ አጽም የለበሱት ልጆች በዳቦ ጠረጉት። ጃኔትም ጋሽ ዳኛቸውን ክንዳቸውን ይዛ፣ ዳርሊንግ፣ ያን ለቅሶ ስንት ወር ተለማመድከው ስትላቸው፣ ሃምሳ ዓመት አሉ፣ ሳይስቁ።

በሳምንቱ የእድር ስብሰባ ነበር። ጋሽ ዳኛቸው መነጽራቸውን አድርገው ስም መጥራት ጀመሩ። እሷ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ሁሉም ጎን ለጎን ተጎሻሸመ። ጋሽ ዳኛቸው እስክሪብቶ አውጥተው ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ሰረዙ።

«ወይዘሮ ሙሉነሽ» አሉ።

«አለሁ» አለች፣ እስከ ኋላው ወንበር በሚሰማ ድምፅ።